ከስሱ ፕላስቲክ ጀርባ ያለው ከባድ ብረት

መንገድ ዳር ምሰሶ ላይ የምናየው ትራንስፎርመር 15 ሺህ ቮልት ተቀብሎ ለቤታችን ወደ 220 ያወርዳል። ኤሌክትሮስታቲክ በሚባለው ስፒከር ውስጥ ያለው ግን ሥራው የተገላቢጦሽ ነው፤ ከአምፕሊፋየር የመጣውን ሃያ ሠላሳ ቮልት ወደ ሺዎች ያወጣል። የምሰሶው ትራንስፎርመር በ50 ኸርዝ ብቻ ይሠራል። ይህኛው ከቤዝ ጊታር እስከ ጸናጽል ያለውን ሁሉ አንድ ላይ ተሸክሞ መውጣት አለበት።

የተለመደው ስፒከር በማግኔት፣ በሽቦ ጥምጥምና በወረቀት ጎድጓዳ ድምፅ ያወጣል። ኤሌክትሮስታቲኩ በሦስቱ ፋንታ ቀዳዳ ባላቸው ሁለት ገበታዎች መካከል የተወጠረ፣ ውፍረቱ ጥቂት የሚሊሜትር ሺኛ የሆነ ፕላስቲክ አለው። ፕላስቲኩ በሺዎች ቮልት ተሞልቶ ይቆያል። ሙዚቃው የሚሄደው ወደ ገበታዎቹ ነው፤ አንዱ ሲስበው ሌላው ይገፋዋል። ፕላስቲኩ እጅግ ቀላል ስለሆነ ከሙዚቃው ወደኋላ አይቀርም፤ የድምፁ ጥራት የሚወደደውም ለዚህ ነው።

ይህን ሐሳብ ወደ ገበያ በማውጣት ስማቸው የሚነሳው እንግሊዛዊው ፒተር ዎከር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1955 «ዋየርለስ ወርልድ» መጽሔት ላይ ስለ አሠራሩ ጻፉ፤ በ1957 ደግሞ ሀንቲንግደን የሚገኘው ፋብሪካቸው ኳድ የተባለውን ስፒከር መሸጥ ጀመረ። እስከ 1985 ድረስ ተመርቷል። ለቤዙ ፕላስቲክ 6 ሺህ፣ ለቀጭኑ ድምፅ 1,500 ቮልት ይይዛል። ዛሬም የሚያዳምጡበት ሰዎች ስላሉ የትራንስፎርመር ቅያሪ ጥያቄ አልቆመም።

ጥያቄው የሚያስቸግረው ትራንስፎርመሩ ቮልት ከማባዛት ያለፈ ሥራ ስላለው ነው። ቮልቱን 100 እጥፍ ሲያደርግ፣ ገበታው ለአምፕሊፋየሩ 10 ሺህ እጥፍ ከብዶ ይታያል፤ 100 በ100 ማለት ነው። አንድ ናኖፋራድ የነበረው ገበታ አሥር ማይክሮፋራድ ይሆናል። በ20 ሺህ ኸርዝ ላይ ይህ ከአንድ ኦም በታች ነው፤ ደካማ አምፕሊፋየር ሾርት የተደረገ ያህል ይጨነቃል። ታች በቤዝ በኩል ደግሞ ብረቱ ማግኔት ይጠግብና ድምፁ ይቀደዳል። እንዳይጠግብ ዙር ሲጨመርለት፣ የበዛው ሽቦ ራሱ ላይኛውን ድምፅ ማነቅ ይጀምራል። የአሜሪካው አኩስታት አንዱን ለታች፣ ሌላውን ለላይ ብሎ ሁለት ትራንስፎርመር አስገባ። ማርቲን ሎጋን ከቤዙ ጣጣ ለመገላገል በብዙ ሞዴሎቹ ወፍራሙን ድምፅ ለተለመደው ስፒከር ተወለት። በእኔ እይታ የሁለተኛው መንገድ ብልጠት ይበልጣል፤ የመጀመሪያው ግን ሙያ የሚያሳይ ነው።

አንደኛው ስፒከር ቢደክም ወይም ቢንጫጫ ወዲያው ትራንስፎርመሩን መወንጀል አይገባም። ሁለቱን ትራንስፎርመሮች ከግራ ወደ ቀኝ አለዋውጦ መስማት ነው፤ ብልሽቱ አብሮ ከተዛወረ ጥፋተኛው ተገኘ፣ ካልተዛወረ ገበታው ወይም የከፍተኛ ቮልት ሰርኪዩቱ ነው። ይህ ሁሉ ከመነካካቱ በፊት ስፒከሩ ከሶኬት ተነቅሎ በቂ ጊዜ መቆየት አለበት። ካፓሲተሮቹ ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ቻርጅ ይይዛሉ፤ ባዶ መሆናቸው ደግሞ ለዚያ ቮልት በተሠራ መለኪያ እንጂ በተራ ቴስተር አይረጋገጥም።

ኦሪጅናሉ ሲጠፋ ብዙዎች የሚሞክሩት ክብ የመብራት ትራንስፎርመር ገልብጦ መጠቀም ነው። 230 ቮልትን ወደ 6 የሚያወርድ ሲገለበጥ 38 ጊዜ ያሳድጋል። የሁለት እንዲህ ያሉ ትራንስፎርመሮችን ባለ 6 ወገኖች ጎን ለጎን፣ ባለ 230ዎቹን በተከታታይ ካገናኙ 76 ይሆናል፤ በተከታታዮቹ መካከል ያለው መጋጠሚያም የፕላስቲኩ ቮልት መመለሻ ይሆናል። የአንዱ ሽቦዎች ከተለዋወጡ እርስ በርስ ተጣፍተው ምንም አይሰማም። ርካሽ ነው፤ ግን ወሰኑን ማወቅ ያሻል። በ50 ኸርዝ ለ6 ቮልት የተሠራ ብረት በ300 ኸርዝ 36 ቮልት ይችላል፤ ስለዚህ ቤዝ ለማይጠየቅ ገበታ እንጂ ለሙሉ ድምፅ አይሆንም። ያ 36 ቮልት ሲባዛም ለ230 ተብሎ በተሸፈነው በእያንዳንዱ ጥምጥም ላይ ከ1,300 ቮልት በላይ ያርፋል። ዕድሜው አጭር ቢሆን አይገርምም። ገንዘቡ ካለ ለዚሁ ሥራ የተጠመጠመውን መግዛት ይሻላል። ክቡን ትራንስፎርመር ከአምፕሊፋየር የሚያፈተልክ ትንሽ ዲሲ እንኳ ያጠግበዋል፤ ከመግቢያው ጋር በተከታታይ አንድ ኦም ያህል ሬዚስተር ማስገባት ዲሲውንም ይቀንሳል፣ አምፕሊፋየሩንም ያሳርፋል።

አገጣጠሙ ላይ ብዙ ሰው ይቸኩላል። ክቡ ትራንስፎርመር መሐሉ ባለው ቀዳዳ አንድ ቡሎን ገብቶበት ከላይና ከታች ጎማ፣ ከዚያ ሰፊ ሮንዴላ፣ ከዚያ ዳዶ ይደረግለታል። ታች ቡሎኑ የሳጥኑን ላሜራ ይነካል፤ ይህ ችግር የለውም። ችግሩ የቡሎኑ ጫፍ ከላይም የዚያኑ ላሜራ ክዳን ሲነካ ነው። ቡሎን፣ ክዳን፣ ጎንና ወለል ተያይዘው በብረቱ ዙሪያ የተዘጋ አንድ ዙር ሽቦ ይሆናሉ፤ ትራንስፎርመሩም ጉልበቱን እዚያው ይጨርሳል፣ ይግላል፣ አምፕሊፋየሩንም ያደክማል። ሽቦው ሁሉ ደህና ሆኖ ሳለ ቀኑን ሙሉ ሲፈለግ የሚውል ብልሽት ይህ ነው። ዳዶውንም ከልክ በላይ ማጥበቅ ጥምጥሙን ይጨፈልቃል፤ ጎማው በትንሹ ሲጨመቅ ይበቃል።

የከፍተኛ ቮልት ሽቦዎች ከላሜራው ራቅ ብለው፣ እርስ በርስ ሳይጠላለፉ ይሄዳሉ። ሶልደር የተደረገበት ቦታ ሹል ጫፍ ሊኖረው አይገባም፤ ኤሌክትሪክ ከሹል ነገር ወደ አየር መዝለል ይወዳልና፣ ቆርቆሮው እንደ ዶቃ ድቡልቡል ቢሆን ይመረጣል።

ሁለቱም ስፒከሮች ከተገጠሙ በኋላ አንድ ዓይነት ድምፅ በሁለቱም ዝቅ አድርጎ መክፈት ነው። ዘፋኙ ከመሐል የማይመጣና ቤዙ የሳሳ ከሆነ አንደኛው ተገልብጧል፤ የአንደኛውን የመግቢያ ሽቦዎች ብቻ ማለዋወጥ ይበቃል።