በናይቫሻ ሐይቅ ዳር ከእንግዳ ወዳጅ ጋር

የናይሮቢ በጋ ከአገራችን በጋ ጋር እምብዛም አይለያይም፤ በጥርና በየካቲት ሰማዩ የጠራ፣ ፀሐዩም የበረታ ነው። በእነዚህ ወራት እንግዳ የመጣበት ሰው እንግዳውን ከሱቅ ወደ ሱቅ እያዞረ ከሚያደክመው፣ ወደ ሰሜን ምዕራብ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ወስዶ የናይቫሻን ሐይቅ ቢያሳየው የተሻለ ይመስለናል።

በዘንድሮው የካቲት አንድ የድሮ ወዳጃችን ባለቤታቸውን ለማሳከም ከአዲስ አበባ መጥተው ነበር። ምርመራው ዓርብ ተፈጽሞ ውጤቱ ሰኞ ይነገራችኋል ስለ ተባሉ፣ በመካከሉ ያሉት ሁለት ቀናት እጅግ የሚረዝሙ ሆኑባቸው። ወይዘሮዋ «የታመመ ሰው ሽርሽር ምን ያደርግለታል?» ቢሉም፣ ግድግዳ እያዩ ከመዋል ይሻላል ብለን ቅዳሜ ከንጋቱ 12 ሰዓት በመኪና ተነሣን።

መንገዱ አስቀድሞ ወደ ሊሙሩ ደጋ ይወጣል፤ ግራና ቀኙ የሻይ ተክል ነው። ከዚያም ምድር ያለቀች ይመስል ስምጥ ሸለቆው በድንገት ከእግር በታች ይዘረጋል፤ ይኸውም የእኛዎቹ ዝዋይና ላንጋኖ ያሉበት ያው ሸለቆ ነው። ቁልቁለቱን ጨርሰው የሚደርሱበት መንደር ማይ ማሂዩ ይባላል፤ ትርጓሜውም በኪኩዩ ቋንቋ ሙቅ ውሃ ማለት ነው። ትግርኛ ለምንናገር ለእኛ «ማይ» ያው ውሃ ስለ ሆነ፣ የእናታችንን ቃል በባዕድ መንደር ስም ላይ ስናገኘው ደስ አለን። ዝምድና ነው ለማለት ግን አንደፍርም።

ከመንደሩ አስቀድሞ፣ ከመንገዱ ዳር፣ አንዲት እጅግ ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለች። የሠሯትም በ1942 እ.ኤ.አ. ይህን መንገድ እንዲሠሩ የታዘዙ የኢጣልያ ምርኮኞች ናቸው። እንደሚታወቀው፣ በ1941 እ.ኤ.አ. የኢጣልያ ጦር በአገራችን ድል በሆነ ጊዜ ከወታደሮቹ ብዙዎቹ ተማርከው ወደ ኬንያ ተግዘዋል።

የወዳጃችን አያት አምስቱን ዓመት በዱር በገደል የተዋጉ ዐርበኛ ነበሩ፤ ወንድማቸውንም በዚያው ጦርነት አጥተዋል። ስለዚህ ወዳጃችን የሠሪዎቹን ማንነት በሰሙ ጊዜ «እኔ አልወርድም» አሉ። ወይዘሮዋ ግን ምንም ሳይመልሱ ነጠላቸውን አስተካክለው ወረዱ፤ ደጁን ተሳልመው ገቡና ቆዩ። ሩብ ሰዓት ያህል እንዳለፈ ወዳጃችን የመኪናውን በር ከፈቱ፤ ባርኔጣቸውንም አውልቀው ከደጃፉ ቆሙ፤ ወደ ውስጥ ግን አልዘለቁም። ሲመለሱ «የእነሱም ጸሎት ወደ ቤታችን መልሰን የሚል ነበር» ከማለት በቀር የተናገሩት የለም።

ሐይቁ ያለው ከባሕር ወለል በላይ 1,890 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው። ያን ሁሉ ቁልቁለት ወርደን ሳለ ከናይሮቢ ከፍ ብለን መቀመጣችንን ስንነግራቸው ወይዘሮዋ አላመኑንም። ሌላም የሚያስገርም ነገር አለው፤ ከላይ የሚታይ መውጫ ወንዝ ሳይኖረው ውሃው ጨው አልሆነም። ምክንያቱ ውሃው በምድር ውስጥ እየሰረገ ጨውን ይዞት ስለሚሄድ ነው። መውጫ የሌላቸው የእኛዎቹ ሻላና አቢጃታ ግን ጨዋማ ናቸው።

በታንኳ ወደ ክረሰንት ደሴት ተሻገርን። በዚያ አንበሳ ስለሌለ ቀጭኔና የሜዳ አህያ በሚግጡበት መካከል ሰው በእግሩ ይሄዳል። የሚያስፈራው በውሃው ያለው ጉማሬ ነው፤ ታንኳ ነጂውም ጆሮዎቻቸውን ብቅ ባደረጉ ቁጥር ራቅ ብሎ ይዞራል። ልጆች ይዘው የሚሄዱ እናቶች ይህን ያስቡ፦ ጉማሬ ሲመሽ ሣር ሊግጥ ወደ የብስ ይወጣልና፣ ከዐሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ልጅን ከውሃው ዳር ማስጠጋት አይገባም።

በዳርቻው በውሃ ውስጥ የቆሙ ደረቅ ግራሮች አየን። በ2020 እ.ኤ.አ. ሐይቁ ሞልቶ ወደ ሰፈር በገባ ጊዜ ብዙ ቤተ ሰብ ከቤቱ ወጥቷል። ነጂው ጣቱን ወደ ውሃው ዘርግቶ «እዚህ ላይ ፍየል እንጠብቅ ነበር» አለን። ሐይቁን የሚከቡት የአበባ እርሻዎችም የሚያጠጡት ከዚሁ ውሃ ነው፤ ጽጌረዳው በአውሮፕላን ወደ አውሮጳ ይላካል። ዝዋይም እንዲሁ ነው።

ምሳችን የተጠበሰ ዓሣና ኡጋሊ ነበር፤ ኡጋሊ ከበቆሎ ዱቄት የሚሠራ፣ ገንፎ የሚመስል ምግብ ነው። ወይዘሮዋ «ቂቤና በርበሬ የሌለው ገንፎ የበሽተኛ ነው» ብለው ከሳቁ በኋላ ሳሕኑን ጨረሱት። ወዳጃችን ይህን አይተው ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አዞሩ።

ሰኞ ሐኪሙ የነገራቸው ቃል ቀዶ ሕክምናው ይቆይ፣ አስቀድሞ በመድኃኒት ይሞከር የሚል ሆነ። ከስድስት ወር በኋላ ተመልሰው እንዲታዩ ታዘዋል። ያን ጊዜ ነሐሴ ስለሚሆን የናይሮቢ ሰማይ ይደምናል፣ የሐይቁም ዳር ይበርዳል፤ ወይዘሮዋ ጋቢ ይዘው እንዲመጡ ነግረናቸዋል።