«ሚስ» አለችኝ፤ ናፈቅኳት ወይስ አጣችኝ?

እናንተዬ፣ አንዲት የእንግሊዝኛ ግስ ጉድ ሠራችኝ! ፍቅረኛዬ ለትምህርት ወደ ውጭ የሄደች ዕለት ልሸኛት ወደ ቦሌ ስከንፍ መንገዱ ተጨናነቀና ዘገየሁ። ስደርስ ገብታለች። ማታ «አይ ሚስድ ዩ» የሚል መልእክት ደረሰኝ። በሄደች በቀኗ ናፈቅኳት ብዬ ጮቤ ረገጥኩ። «እኔም!» ብዬ መለስኩ። ለካስ «ጠብቄ ጠብቄ አጣሁህ» ማለቷ ነው! ሳምንት ሙሉ አኮረፈችኝ።

ከዚያ ወዲያ ነገሯን አጠናኋት። የዛሬ 1000 ዓመት ገደማ እንግሊዞች «ሚሳን» ይሏት ነበር፤ መሳት ማለት ነው። «ቤዎልፍ» በተባለው ጥንታዊ ግጥም ውስጥ አንዱ ልዑል ቀስቱ ኢላማውን ስቶ የገዛ ወንድሙን ሲገድልበት የተነገረው በዚህችው ቃል ነው። ዛሬም አውቶቡስ ሲያመልጠን፣ ከክፍል ስንቀር፣ ስልክ ሳናነሳ (ያቺ «ሚስኮል») እሷው ናት። መናፈቅ የሚለው ትርጉም የመጣው በኋላ ነው። ያጣ ሰው ይናፍቃላ! የቁንጅና ውድድሯ «ሚስ» ግን ዘመዷ አይደለችም፤ «ሚስትረስ» ከሚለው ያጠረች ናት።

እና ምን ይሻላል? ለናፍቆት «ሎንግ ፎር»፣ ሳያስተውሉ ለማለፍ «ኦቨርሉክ»፣ ለመዝለል «ስኪፕ» አሉላችሁ። ግራ ሲገባችሁ ደግሞ ከመመለሳችሁ በፊት «ምን ማለትሽ ነው?» በሉ፤ አያሳፍርም።

እኔስ? በመጨረሻ በአማርኛ ጻፍኩላት፦ «ይቅርታ፣ ሳልሸኝሽ ቀረሁ። ናፈቅሽኝ።» በማግስቱ ደወለች።