ቧንቧው እየሮጠ ነው

የእንግሊዝኛ መምህራችን ሰሌዳው ላይ አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር ጽፈው «ማን ይተረጉምልኛል?» ሲሉ ቀድሜ እጄን ያወጣሁት እኔ ነበርኩ። ቃላቱን አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ። ብድግ ብዬ «ቧንቧው እየሮጠ ነው» አልኩ። ተማሪው ሁሉ በሳቅ አውካካ። መምህሩ ግን ፊታቸውን ሳይፈቱ «ወዴት?» ብለው ጠየቁኝ።

ለካ ውሃው እየፈሰሰ ነው ማለት ኖሯል። ጉድ የሠራኝ «ራን» የሚባለው ግስ ነው። በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ሦስት ፊደል ብቻ ነው፤ ትርጉሙም «ሮጠ» ነው ተብለን ገና ከጅምሩ ያጠናነው ቃል ነው። ያ ትርጉም ስህተት አይደለም፤ ከ645ቱ አንዱ ነው እንጂ።

645 የሚለውን ቁጥር ያገኘሁት ከኦክስፎርድ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ሰዎች ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ልጥቀስ)። የዚህ መዝገበ ቃላት ሐሳብ የተጠነሰሰው በ1857 ለንደን ውስጥ ሲሆን የመጀመሪያው እትም ያለቀው በ1928 ነው። ዋና አዘጋጁ ጄምስ መሪ ኦክስፎርድ ከሚገኘው ቤቱ ጓሮ በቆርቆሮ ባሠራት ክፍል ተቀምጦ፣ በጎ ፈቃደኞች ከየመጽሐፉ እየቀዱ የሚልኩለትን ወረቀት ሲለይና ሲደረድር ኖረ። በ1915 ሥራው ሳያልቅ ሞተ። ዘዴው ግን ከእሱም በኋላ ቀጠለ፤ አዋቂ ተሰብስቦ የቃሉን ትርጉም አይደነግግም፣ ሰው ቃሉን እንዴት እንደተጠቀመበት ከጽሑፍ ይለቀማል እንጂ።

በ1989 ሃያ ቅጽ ሆኖ በወጣው ሁለተኛ እትም ረጅሙን ቦታ የያዘው «ሴት» የሚለው ግስ ነበር። ከእኛ «ሴት» ጋር ዝምድና የለውም፤ አኖረ፣ አስቀመጠ፣ ጠለቀና ሌላም ብዙ ነገር የሚል ግስ ነው። እሱን ብቻ ለማብራራት 60,000 ያህል ቃላት ፈጅቷል። በሦስተኛው እትም ዝግጅት መጀመሪያ «ሜክ»፣ ቀጥሎ «ፑት» በለጡት። በ2011 ተራው የ«ራን» ሆነ። ፒተር ጊሊቨር የተባለው አዘጋጅ በዚህ አንድ ቃል ላይ ከዘጠኝ ወር በላይ ተቀምጧል። 645ቱም የግሱ ብቻ ናቸው፤ ቃሉ ስም ሆኖ ሲመጣ ያለው ትርጉም ለብቻው ነው የሚቆጠረው።

ዘሩ ሲመረመር ደግሞ የእኔን የክፍል ውስጥ ውርደት ትንሽ የሚያቃልል ነገር ይገኛል። ጥንታዊው እንግሊዝኛ ለእግርም ለውሃም አንድ ግስ ነበረው፤ ሰው ሲሮጥም ወንዝ ሲወርድም በዚያው ቃል ይነገር ነበር። ጀርመንኛ እስከ ዛሬ ድረስ ከዚሁ ሥር ሁለት ግሶችን ይዞ አለ፤ አንዱ ለሚሮጥ፣ ሌላው ለሚንጠባጠብና ለሚፈስ። እንግዲህ ቧንቧው በኋላ የተጨመረ ዘይቤ ሳይሆን እንደ እግሩ ጥንታዊ ነው። አፍንጫ ሲፈስ፣ ቀለም ከልብስ ሲለቅ፣ ሻማ ሲቀልጥ ሁሉ «ራን» የሚባለው በዚህ በኩል ነው።

ቃሉን ያወፈረው ግን ማሽን ይመስለኛል። ባቡር በሐዲዱ ላይ መመላለስ ሲጀምር፣ ፋብሪካ ሌሊቱን ሲሠራ ሲያድር፣ የሚንቀሳቀሰው ነገር ሁሉ በዚህ ግስ ይገለጽ ጀመር። ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ሰው ስላለ ደግሞ ግሱ ተሻጋሪ ሆኖ ማስተዳደር፣ መምራት ማለትን ይዞ መጣ። ኮምፒዩተር ሲመጣም ሌላ ቃል አልተፈለገም፤ ፕሮግራም «ይሮጣል»፣ ሰውም ፕሮግራም «ያሮጣል»። እዚህ ላይ የእኛ ቋንቋ ፈገግ ያሰኘኛል። እንግሊዙ ንግዱን ሲያሮጥ እኛ ንግዳችንን እናካሂዳለን። ስብሰባውም ይካሄዳል። ግሱ ከ«ሄደ» የወጣ ነው፤ አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶን ባሸነፈላት አገር ሥራ የሚንቀሳቀሰው በእርምጃ ነው።

«ሮጠ» በአማርኛ ቁጥብ ቃል ነው። ከእግር ብዙም አይርቅም፤ ቢርቅ ቢርቅ ጉዳይ ለማስፈጸም ከቢሮ ቢሮ እስከ መሯሯጥ ነው። በምትኩ ለዚያችው ለእግር ሥራ ስንት ቃል አለን! ቀስ ያለው ሶምሶማ ነው፤ ፈረሰኛው ሽምጥ ይጋልባል፤ የፈራው ይፈረጥጣል፤ ሹልክ ያለው ይፈተለካል፤ የባሰበት እግሬ አውጪኝ ይላል። እንግሊዝኛም በዚህ በኩል ድሃ አይደለም። ባጭር ርቀት በሙሉ ኃይል መሮጥ «ስፕሪንት»፣ ለጤና ዱብ ዱብ ማለት «ጆግ»፣ እንደ ደነበረ ፈረስ ድንገት መፈርጠጥ «ቦልት» ይባላል።

ችግሩ እነዚህን ተመሳሳይ ቃላት «ራን» ባለበት ሁሉ ልተካ ሲሉ ነው። ቧንቧ «ስፕሪንት» አያደርግም። ለውሃው «ፍሎው»፣ ለመሥሪያ ቤቱ «ማኔጅ»፣ ለሸሺው «ፍሊ» ያስፈልጋል። ቃሉ ተመሳሳይ የለውም፤ ያላቸው ትርጉሞቹ ናቸው፣ እያንዳንዱም የራሱን። ይህን አስቀድሞ ያየው ሐኪሙ ፒተር ማርክ ሮዤ ሳይሆን አይቀርም። በ1852፣ በ73 ዓመቱ ባሳተመው የተመሳሳይ ቃላት መጽሐፍ ቃላቱን በፊደል ተራ ሳይሆን በሐሳብ ከፋፍሎ፣ በ1,000 ርዕስ ደረደራቸው። «ቴሳረስ» ብሎ የሰጠው ስም ከግሪክ የመጣ ቃል ነው፤ ግምጃ ቤት ማለት ነው።

እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ ራሳቸው እንኳ በ«ራን» አይስማሙም። አሜሪካዊ ፖለቲከኛ ለምርጫ «ይሮጣል»፤ የብሪታንያው «ይቆማል»። የሴት ስስ ካልሲ ሲተረተር አሜሪካዊቷ ያንኑ ቃል ስትጠቀም እንግሊዛዊቷ «መሰላል» ትለዋለች። ባንክ ሊወድቅ ነው ተብሎ ገንዘብ አስቀማጩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲጎርፍበት ግን ሁለቱም «ራን» ይላሉ፤ «ጎረፈ» በማለታችን እኛም ወደ ውሃው ተጠግተናል።

አማርኛ ተናጋሪውን ከዚህ ማጥ ለማውጣት የሞከሩ ሁለት መጻሕፍት በአንድ ዓመት፣ በ1973 ወጥተዋል። አንዱ ዶክተር አምሳሉ አክሊሉ ከሞዝባክ ጋር ያዘጋጁት የእንግሊዝኛ አማርኛ መዝገበ ቃላት ነው። ሁለተኛውን ያዘጋጀው የሴም ቋንቋዎች ሊቁ ቮልፍ ሌስላው ነው፤ የእሱ ቃሉን ለብቻው አይፈታም፣ በዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገብቶ ዓረፍተ ነገሩን ይተረጉማል። ለ«ራን» ዓይነቱ ቃል ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም። ተማሪ ሳለሁ አግኝቼው ቢሆን ኖሮ ያን ቀን እጄን አላወጣም ነበር።

ይኸው ወጥመድ ፈረንጁንም ይጠብቀዋል፤ ስሙ «በላ» ነው። ዳኛው ጉቦ ይበላል፣ ብረቱን ዝገት ይበላዋል፣ ቁማር ያሸነፈ በላ ሲባል የተሸነፈው ተበላ ይባላል። አማርኛ ጀማሪው እንግዳ ይህን ሁሉ ችሎ ሳለ አንዱ ጭንቅላቱን እያከከ «ጭንቅላቴን በላኝ» ቢለው ደንግጦ «ማን?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም።