በ«13 ወር ፀሐይ» አገር ለምን ይበርደናል?

በታኅሣሥ ወር ከማለዳው 1 ሰዓት ላይ በአየር ጤና ታክሲ ለመያዝ የቆመውን ሰው ልብ ብሎ ያየ፣ ጋቢ የተከናነቡ አዛውንቶችን፣ እጃቸውን በሹራባቸው እጅጌ የከተቱ ተማሪዎችንና ፀሐይ ያረፈችበትን የመንገድ ዳር የሚሻሙ መንገደኞችን ያገኛል። ከሁሉም አፍ የሚሰማው ቃል «ኧረ ብርዱ!» የሚል ነው። ይኸው ሰው ቀትር ላይ ሹራቡን አውልቆ በክንዱ እንደያዘ ጥላ ሲፈልግ ይታያል።

አገራችን ለብዙ ዓመታት ለጎብኚዎች ስትተዋወቅ የኖረችው «የ13 ወር ፀሐይ» ባለቤት በመሆኗ ነው። በአኃዝ ስንመለከተውም የአዲስ አበባ ብርድ የሚያስፈራ አይመስልም። የከተማዋ ዓመታዊ አማካይ የሙቀት መጠን ወደ 16 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይጠጋል። በታኅሣሥ ንጋት ላይ በአማካይ ከ7 እስከ 8 ዲግሪ ይወርድና ከሰዓት በኋላ ወደ 23 ዲግሪ ይደርሳል። በአንጻሩ በፊንላንዷ ሄልሲንኪ የጥር ወር አማካይ ከዜሮ በታች ነው። ታዲያ እኛ የምናማርረው ስለ ምንድን ነው? ብርድ ስላልለመድን ብቻ ነውን? በዚህ ጽሑፍ ምሬቱ ሳይንሳዊ መሠረት ያለው መሆኑን፣ መፍትሔው ሲሳሳትም ሕይወት እስከ መቅጠፍ የሚደርስ ጉዳይ መሆኑን ለማሳየት እንሞክራለን።

ሁለት ዓይነት ብርድ

በመጀመሪያ አንድ መደናገር እናጥራ። በአውሮፓ ቀዝቃዛው ወቅት ፀሐይ የምትርቅበት ወቅት ነው። ኢትዮጵያ ግን ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከፍ ብላ ትወጣለች። ብርዳችንን የሚያመጣው በዋነኛነት ከፍታችን ነው። ከባሕር ጠለል ወደ ላይ በወጣን ቁጥር የአየሩ ሙቀት በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ በ6.5 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ለተቆረቆረችው አዲስ አበባ ይህ ከ13 ዲግሪ የሚበልጥ ቅናሽ ማለት ነው።

በዚህ ላይ ወቅቶቻችን ሁለት የተለያዩ ብርዶችን ያፈራርቁብናል። የክረምት ብርድ የቀን ብርድ ነው። ደመናው ፀሐይን ይጋርዳል፣ ልብስና ጫማ ይርሳሉ፣ የቀኑ ሙቀትም ከ20 ወይም ከ21 ዲግሪ እምብዛም አያልፍም። ይሁን እንጂ ያው ደመና ሌሊት እንደ ብርድ ልብስ ስለሚያገለግል ሌሊቱ ያን ያህል አይከፋም። ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት፣ ነገሩ ይገለበጣል። ቀኑ ደማቅ ሌሊቱ ውርጭ ይሆናል። የዓመቱ ቀዝቃዛ ሌሊቶች የሚገኙት በክረምት ሳይሆን በመፀው ማብቂያና በበጋ መግቢያ ላይ ነው።

ቆዳችን የሚለካው ምንድን ነው?

ቴርሞሜትር የአየሩን ሙቀት ይለካል። ቆዳችን ግን የሚገነዘበው ሙቀት ከሰውነታችን በምን ያህል ፍጥነት እየወጣ መሆኑንና የቆዳው የራሱ ሙቀት እንዴት እየተለወጠ መሆኑን ነው። በቆዳችን ውስጥ ባሉ የነርቭ ጫፎች ላይ ቅዝቃዜ ሲሰማቸው የሚከፈቱ ፕሮቲኖች አሉ። ሜንቶል ያለበት ከረሜላ አፍን የሚያቀዘቅዝ የሚመስለን እነዚሁኑ ፕሮቲኖች ስለሚቀሰቅስ ነው። እንዲህ ያሉትን የሙቀትና የንክኪ ተቀባዮች በማግኘታቸው ዴቪድ ጁሊየስና አርደም ፓታፑቲያን እ.ኤ.አ. የ2021 የሕክምና ኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል።

በዕረፍት ላይ ያለ ጎልማሳ ወደ 100 ዋት የሚጠጋ ሙቀት ያመነጫል፤ ይህም የአንድ መካከለኛ አምፖል ያህል ነው። ሙቀቱ ከሰውነት የሚወጣው በንክኪ፣ በአየር ፍሰት፣ በትነትና በጨረራ ነው። ብዙ ሰው ልብ የማይለው የመጨረሻውን ነው። ሰውነታችን ምንም ሳይነካ፣ በዙሪያው ወዳሉት ቀዝቃዛ ግድግዳዎችና ጣሪያ ዘወትር ሙቀት ይረጫል።

በስሌት እንየው። የልብሱ ገጽ 28 ዲግሪ የሆነ ሰው፣ ግድግዳውና ጣሪያው 20 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ ቢቀመጥ በጨረራ የሚያጣው ሙቀት በካሬ ሜትር ወደ 48 ዋት ነው። ግድግዳዎቹና ጣሪያው ወደ 12 ዲግሪ ሲወርዱ ይኸው መጠን ወደ 91 ዋት ያድጋል። በክፍሉ ውስጥ ያለው አየር ባይለወጥ እንኳ ኪሳራው ወደ እጥፍ ተጠጋ ማለት ነው። ምሽት ላይ የቤቱ አየር ደህና ሆኖ ሳለ «ብርድ ብርድ አለኝ» የምንለው በዚህ ምክንያት ነው።

በክረምት ደግሞ ትነት ይጨመራል። በልብሳችን ላይ የቀረ አንድ ብርጭቆ ያህል፣ ማለትም 200 ግራም ውኃ ለመትነን ወደ 480 ኪሎ ጁል ሙቀት ይፈልጋል። ይህ ሁሉ ከሰውነታችን ቢወሰድ፣ ዐርፈን ተቀምጠን በ80 ደቂቃ የምናመነጨውን ሙቀት ያህላል።

የቆርቆሮ ጣሪያና የጠራ ሰማይ

ወደ በጋው ሌሊት እንመለስ። ምድርና ጣሪያዎች ቀን የሰበሰቡትን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ይረጫሉ። ደመናና የውኃ ተን ካሉ ከሙቀቱ ብዙውን ይመልሱታል። የታኅሣሥ ሰማይ ግን ጥርት ያለና ደረቅ ነው፤ ከፍታችን ከፍ ያለ በመሆኑም በላያችን ያለው አየር ስስ ነው። ስለዚህ ሙቀቱ ብዙ ሳይጋረድ ይሄዳል። በዚያ ላይ ቀዝቃዛ አየር ከባድ በመሆኑ ከወጨጫና ከእንጦጦ ተዳፋቶች ወደ ረባዳው ስፍራ እየተንሸራተተ ይወርዳል። የደጋ ገበሬ ውርጭ ከጉብታው ይልቅ ረባዳውን ማሳ አስቀድሞ እንደሚመታ የሚያውቀው ለዚህ ነው።

በአየር ጤናና በአካባቢው በብዛት የሚታየው የቆርቆሮ ጣሪያ ስስ በመሆኑ የሚያከማቸው ሙቀት የለውም። ፀሐይ ስትወጣበት ይግላል፣ ስትጠልቅ በደቂቃዎች ውስጥ ይቀዘቅዛል። በጠራ ሌሊት ከአካባቢው አየር እንኳ በታች ሊወርድ ይችላል። ማለዳ ከቆርቆሮው በታች የሚታየው ጠብታ ለዚህ ምስክር ነው፤ የተኙት ሰዎች የተነፈሱት ተን ከቀዝቃዛው ብረት ጋር ተገናኝቶ ውኃ ሆኗል። የጭቃ ግድግዳ በአንጻሩ ወፍራም በመሆኑ የቀኑን ሙቀት ይዞ ሌሊት ቀስ በቀስ ይለቃል። ኮርኒስ የሌለው የጭቃ ቤት ግን ግድግዳው የቆጠበውን ጣሪያው ያባክንበታል።

ቀዝቃዛ አገር፣ ሞቃት ቤት

ከሚኒሶታ ወይም ከስዊድን ለዕረፍት የሚመጡ ወገኖቻችን «እዚያ እንዲህ አይበርደንም» ሲሉ ብዙዎቻችን ቀልድ ይመስለናል። ነገር ግን እውነታቸውን ነው። እዚያ በረዶው ከደጅ ነው፤ ቤቱ፣ አውቶቡሱና መማሪያ ክፍሉ ይሞቃሉ። እኛ ዘንድ ማሞቂያ ስለሌለ የደጁ ብርድ አልጋችን ድረስ ይመጣል።

ይህ የእኛ ብቻ ገጠመኝ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1997 «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ ጥናት የአውሮፓ ከተሞችንና ክልሎችን አነጻጽሮ ነበር። የደጁ ሙቀት በሁለቱም ስፍራ 7 ዲግሪ በሆነ ጊዜ በአቴና የሳሎን አማካይ ሙቀት 19.2 ዲግሪ፣ በደቡብ ፊንላንድ ግን 21.7 ዲግሪ ነበር። በዚሁ ብርድ ከቤት ሲወጡ ኮፍያ ያደረጉት በአቴና 13 በመቶ፣ በደቡብ ፊንላንድ 72 በመቶ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በቀዝቃዛው ወቅት የሚከሰተው የሞት ጭማሪ በፖርቱጋል 28 በመቶ፣ በፊንላንድ 10 በመቶ መሆኑን አመልክቷል። ለስላሳ የአየር ጠባይ ያላት አገር ከበረዷማዋ አገር የበለጠ ተጎዳች ማለት ነው። ብርድ የደም ሥሮችን በማጥበብ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ ልብንም ያደክማል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ፣ ለስላሳ ወይም ቀዝቃዛ የአየር ጠባይ ባላቸው አገሮች የቤት ውስጥ ሙቀት በቀዝቃዛው ወቅት ከ18 ዲግሪ እንዳያንስ የመከረውም ብርድ የጤና ጉዳይ በመሆኑ ነው።

ማንደጃ በዝግ ቤት

ብርዱ ሲጠና ብዙ ቤተሰብ የሚያደርገው ማንደጃ ወደ መኝታ ክፍል አስገብቶ በርና መስኮት መዝጋት ነው። ዋነኛው አደጋ ያለው እዚህ ላይ ነው። ከሰል በቂ ኦክስጅን ሳያገኝ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን ከሚሸከመው ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይጣበቃል። ውጤቱ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ድካም ነው፤ የተኛ ሰው ግን ምልክቱ ሳይሰማው ሊሞት ይችላል።

«ጭሱ ከወጣለትና ፍሙ ከቀላ አይጎዳም» የሚለው እምነት ፈጽሞ የተሳሳተ ነው። ጭስ የሌለው ፍምም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያመነጫል። በእኛ ከፍታ ላይ ደግሞ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ከሚገኘው በሩብ ያህል ያነሰ ስለሆነ አደጋው ይበረታል።

ምን ይደረግ?

መፍትሔው ሙቀትን በእሳት መጨመር ሳይሆን ያለውን እንዳይወጣ መያዝ ነው። ከጨርቅ የተሠራም ቢሆን ኮርኒስ በሰውነታችንና በቀዝቃዛው ቆርቆሮ መካከል ጋራጅ ይሆናል። ወፍራም መጋረጃ ከምሽቱ ቀድሞ ቢዘጋ፣ አልጋም ከውጭው ግድግዳ ጥቂት ቢርቅ ይጠቅማል። እናቶቻችን የፈተሉት ጋቢም አራት ድርብ በመሆኑ በየድርቡ መካከል አየር ይይዛል፤ የቆመ አየር ሙቀትን በቀላሉ አያሳልፍም። እርጥብ ልብስ ለብሶ ከመቀመጥ ይልቅ ወዲያው መቀየር፣ የጠዋት ተማሪም የቀትሩን ፀሐይ አስቦ ሳይሆን የማለዳውን ውርጭ አስቦ መልበስ ይገባዋል።

አንባቢያን የጨረራን ኃይል ራሳችሁ መመርመር ትችላላችሁ። በጠራ የታኅሣሥ ምሽት ሁለት ተመሳሳይ ጣሳዎች በእኩል መጠን ውኃ ሙሉና አንዱን ገላጣ ሜዳ ላይ፣ ሌላውን በዳስ ወይም በዛፍ ሥር ከመሬት በእኩል ከፍታ አስቀምጡ። ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት የሁለቱንም ሙቀት ለኩ። ሰማይን ሲያይ ያደረው ጣሳ ይበልጥ ቀዝቅዞ ታገኙታላችሁ። ቀጥሎም ያንኑ ቴርሞሜትር ራስጌያችሁ አስቀምጡና ለአንድ ሳምንት በየማለዳው መዝግቡ። ቁጥሩ ከ18 ዲግሪ ምን ያህል እንደራቀ ስታዩ፣ በቤታችሁ መጀመሪያ ሊሠራ የሚገባው ጣሪያው ይሁን መስኮቱ ለመወሰን መነሻ ይሆናችኋል።