ቦርጩ እያደገ ጉንጩ ሲከሳ

መቼም በእኛ አገር ቦርጭ ያወጣ ሰው ሲታይ «ደላው!» ነው የሚባለው። ምቾት እንጂ በሽታ አይመስለንም። አንዳንዴ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

በትውልድ አገሬ በመካነ ሰላም፣ ደቡብ ወሎ ቦረና ውስጥ፣ አንድ እህል ነጋዴ ጎረቤት ነበሩን። ሆዳቸው ከዓመት ዓመት እየገፋ ሄደ። ገበያተኛው «ጋሼ፣ ብሩን በሆድዎ ነው እንዴ የሚያስቀምጡት?» እያለ ይቀልድባቸዋል። ባለቤታቸው ብቻ ሌላ ነገር አዩ። ቀበቶው ሲጠባቸው የሸሚዙ አንገትጌ ሰፋቸው! ትንሽ ሲቀምሱ ይጠግባሉ፤ ሕመም ግን የለም።

በአልትራሳውንድ ሲታዩ «ትልቅ ዕጢ አለ» ተባሉ። ቤተሰቡ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ «ዛሬውኑ ይቀደድ!» አለ፤ ግማሹ «ካንሰር ብረት ከነካው ይዛመታል» አለ።

ምንድን ነው ይኼ ዕጢ?

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ጠይቄና አንብቤ የተረዳሁትን ግን ላጫውታችሁ። ሳርኮማ ይባላል። ከስብ፣ ከጡንቻና ከመሳሰሉት የሚነሳ ካንሰር ነው። አዋቂዎችን ከሚይዙ 100 ካንሰሮች 1 ያህሉ ቢሆን ነው። አንዳንዱ ከአንጀት ጀርባ፣ ኩላሊት አጠገብ ይበቅላል። እዚያ ቦታው ሰፊ ስለሆነ ሳያሳምም በጣም ሊተልቅ ይችላል።

አልትራሳውንድ «አንድ ነገር አለ» ይላል እንጂ ከየት ተነስቶ የት እንደደረሰ አበጥሮ አይናገርም። ይህን የሚያሳየው ሲቲ ስካን ነው። በዚህ መሣሪያ የመጀመሪያው ታማሚ የታየው እ.ኤ.አ. በ1971 እንግሊዝ አገር ነው፤ ሀውንስፊልድና ኮርማክ የተባሉት ሊቃውንትም በ1979 ኖቤል ተሸልመውበታል። መሣሪያው ከዙሪያ በራጅ እያነሳ ሰውነትን እንደተቆረሰ ድፎ ዳቦ ያሳያል። ለየአካሉም ቁጥር ይሰጣል። ውኃ 0 ነው፤ ስብ ከ0 በታች ወደ 100 ገደማ ይወርዳል። ሐኪሙ ከስብ የተነሳውን ሳርኮማ የሚጠረጥረው እንግዲህ በዚህ ነው። ኩላሊት ተገፍቶ፣ የደም ሥር ተከቦ፣ ሳንባ ተነክቶ እንደሆነም ያያል።

መርፌዋን አትፍሯት

ሥዕሉ ያስጠረጥራል፤ የሚያረጋግጠው ናሙና ነው። በሥዕል እየተመሩ፣ በአብዛኛው በጀርባ ወይም በጎን በኩል፣ በመርፌ ቆንጠር አድርገው ይወስዳሉ። በዚህ ሳቢያ የመዛመት ዕድሉ እጅግ አነስተኛ ነው። ጥቅሙስ? የንፍፊት ካንሰርም እዚያው ቦታ አብጦ ሊያሳስት ይችላል፤ ዋና ሕክምናው ግን መድኃኒት እንጂ ቢላ አይደለም። ሳርኮማ ከሆነ ደግሞ ትልቁ ዕድል የመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና ነው፤ ሳይበጣጠስ በሙሉ መውጣት አለበት። ሳያጣሩ መቅደድ ይህን ዕድል ያባክናል።

ጎረቤታችን በአቀስታ አድርገው ደሴ ሄዱና ሲቲ ተነሱ። አዲስ አበባ ናሙና ሰጡ። ከስብ የተነሳ ሳርኮማ ሆነ። ዕጢው ከአንድ ኩላሊታቸው ጋር ወጣ። ዛሬም በየጊዜው ሲቲ ይነሳሉ፤ በሽታው መመለስ ይወዳልና።

እናንተ የከተማ ልጆች!

ከአገር ቤት ሆዱ የገፋ ዘመድ ሲመጣባችሁ፦

- የቀድሞውን ፊልምና ሲዲ ይዞ እንዲመጣ ንገሩት፤ ወረቀቱ ብቻ አይበቃም።
- ሲቲ ሲነሳ በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት አለ። የኩላሊት ችግር፣ አለርጂ ወይም እርግዝና ካለ አስቀድማችሁ አሳውቁ። ሲሰጥ ሰውነት ሞቅ ቢል አትደንግጡ።
- «ከቀዶ ሕክምናው በፊት ናሙና ያስፈልጋል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ ድፍረት አይደለም።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላል ያገሬ ሰው። ታዲያ የአባታችሁን ቦርጭ አይታችሁ «ደላው» ከማለታችሁ በፊት፣ እስቲ ጉንጫቸውንም እዩት።

ቸር ሰንብቱ!