ሦስት እጅ የሚፈልገው የአሮጌ ቬስፓ ፍሬን

በሐዴራ፣ በተለይ ባሕሩን ተጠግታ ባለችው በጊቭዓት ኦልጋ፣ የብረት ዕድሜ አጭር ነው። የባሕሩ ነፋስ ጨው ይዞ ይመጣል። የበረንዳ አጥር፣ የበር ማጠፊያ፣ ደጅ የሚያድር ብስክሌት ሳይቀር ቀስ በቀስ ይዝጋል። በእንዲህ ያለ ሰፈር የልጅ ልጅ አሮጌ ቬስፓ ገዝቶ፣ ደስ ብሎት በር ላይ ሲያቆም፣ አያት ከቀለሙና ከዋጋው በፊት መጠየቅ ያለባቸው አንድ ነገር ነው፦ «ልጄ፣ ለመሆኑ ይቆማል ወይ?»

ጥያቄው የሽማግሌ ስጋት ብቻ አይደለም። የዛሬ ሞተሮች ፍሬን አብዛኛውን ጊዜ በዘይት ግፊት ይሠራል። የአሮጌ ቬስፓ የኋላ ፍሬን ግን ከእግር እስከ ጎማ ድረስ የሚሠራው በአንድ ቀጭን የብረት ገመድ ነው። ገመዱ ከተበጠሰ ፔዳሉ ባዶውን ወለል ይመታል፤ የኋላው ጎማ አንዳችም አይሰማም።

ተርቡና የጋራዥ ቋንቋ

ቬስፓ በጣልያንኛ «ተርብ» ማለት ነው። የመጀመሪያው ለገበያ የቀረበው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት፣ በ1946 እ.ኤ.አ. ነው። ያወጣው ፒያጆ የተባለው የጣልያን ኩባንያ ሲሆን፣ ንድፉን የሠራው ኮራዲኖ ዳስካኒዮ የአውሮፕላን መሐንዲስ ነበር። ሞተሩን ከኋላው ጎማ ጎን አደረገው፤ ለእግር ጠፍጣፋ ወለል ሰጠው፤ የኋላውን ፍሬን ደግሞ በቀኝ እግር እንዲረገጥ አደረገ።

ይህን ዕቃ ለመጠገን ከኢትዮጵያ የመጡ አባቶች ከልጆቻቸው የሚሻሉበት ነገር አለ፤ ቋንቋውን ያውቁታል። ከጣልያኖች ጋር ወደ አገራችን የገባው የጋራዥ ቃል ዛሬም አልጠፋም። ፍሬን፣ ጎማ፣ ሞላ፣ ፒንሳ፣ ካቻቪቴ፣ ዳዶ፣ ግራሶ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፦ ሁሉም ከጣልያንኛ የተወሰዱ ናቸው። እዚህ አገር ጋራዥ የገባ ልጅ «ብሬክሲም» ይላል፤ እሱ ከእንግሊዝኛ የመጣ ነው። አያቱ «ፍሬን» ሲሉ ግን ቬስፓውን የሠሩት ሰዎች ከሚሉት ብዙም አይርቁም።

ገመዱ የት ይሄዳል?

ፔዳሉ ሥር የተያዘው ገመድ በወለሉ መካከል ባለው ባዶ ቦታ ውስጥ አልፎ ወደ ኋላ ይሄዳል። ከሞተሩ ሥር ሲወጣ በአንዲት ትንሽ የብረት ክንድ ላይ በብሎንና በዳዶ ይታሰራል። እግር ፔዳሉን ሲረግጥ ገመዱ ክንዷን ይስባል። ክንዷ ስትዞር በታምቡሩ ውስጥ ያሉትን ሁለት ግማሽ ክብ ሸራዎች ትከፍታለች፤ እነሱም ታምቡሩን ከውስጥ እየገፉ ጎማውን ያቆሙታል።

ገመዱ አንድ ወፍራም ሽቦ አይደለም። ብዙ ቀጫጭን ክሮች ተገምደው የተሠራ ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚባለው እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል። ችግሩ አንበሳው የሚፈታውም እንደዚያው መሆኑ ነው፤ ክሮቹ አንድ በአንድ ይበጠሳሉ፣ የቀሩት ደግሞ የሌሎቹን ሸክም ይሸከማሉ፤ በመጨረሻ አንድ ቀን፣ ያውም ጠንከር ተደርጎ በተረገጠበት ሰዓት፣ ሁሉም ይለቃሉ።

ሳይበጠስ በፊት ይናገራል

ደግነቱ ገመድ አብዛኛውን ጊዜ ምልክት ሳይሰጥ አይበጠስም። የመጀመሪያው ምልክት ፔዳሉ ከበፊቱ ይልቅ ዝቅ ብሎ መያዝ መጀመሩ ነው። ሁለተኛው፣ ሲረገጥ መንተፋተፍ ወይም መፋቅ የሚመስል ስሜት ነው፤ ይህ የተበጠሱ ክሮች ከሽፋኑ ጋር ሲጋጩ ነው። ሦስተኛው፣ እግር ሲነሳ ፔዳሉ ቶሎ አለመመለሱ ነው። ይህ ብዙውን ጊዜ በሽፋኑ ውስጥ ዝገት ወይም አሸዋ መግባቱን ይናገራል፤ በባሕር ዳር ከተማ ደግሞ ሁለቱም ሞልተዋል።

በዓይን የሚታየው ቦታ ገመዱ ከኋላ ክንዷ ላይ የታሰረበት ነው። እዚያ አንድ እንኳ የተበጠሰ ክር እንደ እሾህ ወጥቶ ከታየ ክርክር አያስፈልግም፤ ገመዱ ይለወጣል። ማጥበቅ መድኃኒቱ አይደለም። የተጎዳን ገመድ ማጥበቅ የቀሩትን ክሮች ቶሎ መጨረስ ነው።

ገመዱ ጥፋተኛ ሳይሆን

ብዙ ወጣቶች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ፍሬኑ ሲላላ ማስተካከያውን ያጠብቃሉ፤ እንደገና ሲላላ እንደገና ያጠብቃሉ። ማስተካከያው እስከ መጨረሻው ከወጣ ግን ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል። ሸራው አልቆ ከሆነ ክንዷ ከልክ በላይ ትዞራለች፤ ከልክ በላይ የዞረች ክንድ ደግሞ ኃይሏ ይቀንሳል። ስለዚህ ታምቡሩ ተከፍቶ የሸራው ውፍረት መታየት አለበት።

ሌላው ዘይት ነው። ከታምቡሩ በስተጀርባ ዘይት እንዳይወጣ የሚከለክል ፓራኦሊዮ አለ። እሱ ካረጀ ዘይቱ ሸራው ላይ ይደርሳል። ዘይት የጠጣ ሸራ የቱንም ያህል ቢረገጥ ያንሸራትታል፤ አዲስ ገመድም አያድነውም። ፓራኦሊዮውና ሸራው አብረው ይለወጣሉ።

በተቃራኒው፣ አጭር መንገድ ተሂዶ ታምቡሩ በጣም የሚግል ከሆነ ፍሬኑ ሳይረገጥም እየያዘ ነው ማለት ነው። ወይ ገመዱ ከመጠን በላይ ጠብቋል፣ ወይ በሽፋኑ ውስጥ ተቀርቅሯል። ወዲያው ከመንገድ እንደቆሙ ታምቡሩን በእጅ መንካት ግን ያቃጥላል፤ እጅን ጠጋ አድርጎ ሙቀቱን መለካት ይበቃል።

ሦስተኛው እጅ

መለወጡ ራሱ ረቂቅ ሥራ አይደለም። ሞተሩ ጠፍቶ ስኩተሩ በመቆሚያው ላይ ይቆማል። ከኋላ ዳዶው ይፈታል፣ ከፊት ፔዳሉ ከወለሉ ይነሳል፣ አሮጌው ገመድ በፔዳሉ በኩል ይሳባል። የውጭው ሽፋን የዛገ ከሆነ እሱም መለወጥ አለበት። ያን ጊዜ አዲሱን ከአሮጌው ጫፍ ጋር አስሮ መሳብ ነው፤ አሮጌው ሲወጣ አዲሱን መንገድ እየመራ ያስገባዋል። አዲሱ ገመድ ከመግባቱ በፊት ግራሶ ይቀባል። ሞተሩ በጉድጓድ ላይ ከጎማው ጋር ወደ ላይና ወደ ታች ስለሚል፣ ሽፋኑ ትንሽ ላላ ብሎ መቀመጥ አለበት።

ጭንቁ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ገመዱ በፒንሳ ተስቦ መያዝ አለበት፣ ክንዷ መገፋት አለባት፣ ዳዶው ደግሞ በዚያው ቅጽበት መጥበቅ አለበት። ሰው ያለው ሁለት እጅ ነው። ለዚህ ሲባል መካኒኮች «ሦስተኛ እጅ» የሚሉት መሣሪያ አለ፤ ገመዱን ስቦ ይይዛል። መሣሪያው በሌለበት ግቢ ግን ሦስተኛው እጅ የሌላ ሰው እጅ ነው። አንዱ ይስባል፣ አንዱ ያጠብቃል። አያት ወንበር ላይ ተቀምጠው ፒንሳውን ቢይዙ፣ የልጅ ልጅ ከሥር ገብቶ ዳዶውን ቢያጠብቅ፣ ሥራው ያልቃል።

ከዚያ ፔዳሉ ብዙ ጊዜ ጠንከር ተደርጎ ይረገጣል። አዲስ ገመድ በመጀመሪያው ቀን ትንሽ ይላላልና በማስተካከያው ይጠበባል። ጎማው እግር ሲነሳ በነፃ መዞር አለበት፤ ሲረገጥ ደግሞ ፔዳሉ ወለሉን ሳይነካ መያዝ አለበት። የኋላው ቀይ መብራት መብራቱም ይታይ። የመጀመሪያው ሙከራ በእግር ፍጥነት፣ ሜዳ ላይ ይሁን እንጂ ወደ ባሕሩ በሚወርደው መንገድ ላይ አይሁን። እርግጠኛ ያልሆነ ሰው ደግሞ ወደ ጋራዥ ቢወስደው አያፍርም።

የቀጥቃጭ ልጆች

በጎንደር አካባቢ የቤተ እስራኤል አባቶች ብረት ያውቁ ነበር። ማረሻው፣ ማጭዱ፣ ቢላዋው ከእጃቸው ይወጣ ነበር። ጎረቤት ማረሻውን ይዞ ይሄድና ሠሪውን ግን «ቡዳ» ይለው ነበር። ብዙዎች ያንን ሞያ ከነስድቡ እዚያው ጥለውት መጡ። በ1984ና በ1985 በሱዳን በኩል፣ በ1991 ደግሞ በዘመቻ ሰሎሞን እዚህ ሲደርሱ፣ ስለ ብረት ምን ታውቃላችሁ ብሎ የጠየቃቸው ሰው ብዙ አልነበረም።

የልጅ ልጆች ዕብራይስጡን ይቀድማሉ፣ ስልኩን ይቀድማሉ፣ ወረቀቱንም ይሞላሉ። አያት የሚጠየቁበት ጉዳይ እያነሰ ሄዷል። የዛገ ገመድ ግን ዕብራይስጥ አይጠይቅም። ብረት ሲደክም ምን እንደሚመስል፣ ዝገት ላይ ላዩን ይሁን ወይስ ውስጥ የገባ፣ ብሎን መቼ «በቃኝ» እንደሚል የሚያውቅ እጅ ነው የሚፈልገው። ያ እጅ በብዙ ቤት ሳሎን ውስጥ ተቀምጧል።

በስግድ በዓል ሰሞን የመጀመሪያው ዝናብ ይመጣል። በበጋው መንገድ ላይ የተከማቸው አቧራና ዘይት ከውሃው ጋር ሲቀላቀል አስፋልቱ እንደ ሳሙና ይሆናል። አሮጌ ቬስፓ በዚያ መንገድ ላይ የፊት ፍሬኑ ብቻ ከቀረው የፊት ጎማው ሊንሸራተትና ነጂውን ሊጥለው ይችላል። ቴስት ፍሬኑን ይመረምራል፤ ነገር ግን ቴስት በየቀኑ አይደረግም፣ ገመዱ ግን በየቀኑ ይረገጣል።

ስለዚህ ዝናቡ ሳይጀምር፣ የልጅ ልጅ ቁልፉን አንስቶ «አባባ፣ መጣሁ» ሲል፣ አንድ ደቂቃ ማስቆም አይከፋም። ጎንበስ ብሎ ገመዱ የታሰረበትን ቦታ ማየት ይበቃል። እሾህ የሚመስል ክር ካለ ቁልፉ ይቀመጥ፤ ፒንሳው ይውጣ።