እንጨት የቀረጸው ጢንዚዛ

በወልቂጤ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ የባሕር ዛፍ አጣና ተከምሮ ገዢ ሲጠብቅ ማየት የተለመደ ነው። በዘቢዳር ተራራ ግርጌ ባለችው ቡታጅራም ቤት የሚሠራ ሰው ቋሚውን፣ ማገሩንና ወራጁን በአብዛኛው የሚያገኘው ከዚሁ ዛፍ ነው። እንዲህ ያለ እንጨት ልጣጩ ሳይነሣ ሲከርም ቅርፊቱን በገጀራ ፈንቀል አድርጎ የሚያይ ሰው ከሥሩ ጠመዝማዛ ቦይ ሊያገኝ ይችላል። ቦዩ በእንጨት ብናኝ ታጭቋል። ጫፉ ላይ ደግሞ ነጣ ያለ፣ ፊቱ ሰፋ ብሎ ወደ ኋላው የሚቀጥን፣ እግር ያለው የማይመስል ትል ተጋድሞ ይገኛል። ብዙዎቻችን «ነቀዝ ነው» ብለን እናልፈዋለን። ያ ትል ግን የባለ ረጅም ቀንድ ጢንዚዛ እጭ ሊሆን ይችላል፤ ጢንዚዛው ደግሞ በእኔ ግምት ከነፍሳት ሁሉ ቁመናው ተረጋግቶ ሊታይ ከሚገባቸው አንዱ ነው።

የሥነ ነፍሳት ባለሙያዎች ሰራምቢሲዴ በሚሉት በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ስም የወጣላቸው ከ35,000 በላይ ዝርያዎች አሉ። ትንንሾቹ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ናቸው፤ በደቡብ አሜሪካ የአማዞን ደን የሚኖረው ታይታነስ ግን ከ16 ሴንቲ ሜትር በላይ ይረዝማል። በአፍሪካ ከግዙፎቹ የሚመደበው ጥቁር ቡናማው ማክሮቶማ ፓልማታ ሲሆን፣ ከግብፅ አንሥቶ እስከ ደቡባዊው አህጉር የሚገኝ የግራር ምድር ነዋሪ ነው። መጠናቸውና ቀለማቸው ይህን ያህል ይለያይ እንጂ ሁሉንም ለማለት ይቻላል አንድ ነገር ያስተሳስራቸዋል፤ የልጅነት ዘመናቸውን የሚያሳልፉት በተክል ውስጥ፣ አብዛኞቹም በእንጨት ውስጥ ነው። ቀንዱ፣ ዓይኑ፣ መንጋጋው፣ የእግሩ መርገጫ ሳይቀር ለምን እንዲህ ሆነ ለሚል ጥያቄ መልሱ ያለው እዚያው እንጨቱ ውስጥ ነው።

ከቀንዱ እንጀምር። ይህ ቀንድ የማሽተቻና የመዳሰሻ አካል ነው። ብዙውን ጊዜ 11 አንጓ አለው፤ ርዝመቱም ከሰውነቱ ይስተካከላል ወይም ይበልጠዋል። በአውሮፓ የፓይን ደኖች የሚኖረው አካንቶሲነስ ኤዲሊስ የተባለ ዝርያ ራሱ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ሆኖ ሳለ፣ ወንዱ ከሰውነቱ ሦስት እጥፍና ከዚያም በላይ የሚረዝም ቀንድ ይዞ ይዞራል። በአብዛኞቹ ዝርያዎች የወንዱ ቀንድ ከእንስቷ ይረዝማል፤ ፍለጋው የበረታው በእሱ ላይ ነውና። የቆሰለ፣ በድርቅ የተጎዳ ወይም አዲስ የተቆረጠ ዛፍ ኢታኖል የተባለውን አልኮል ጨምሮ ልዩ ልዩ ሽታዎችን ወደ አየር ይለቃል። ጢንዚዛው ይህን ሽታ በቀንዱ እየለቀመ በጨለማ ጭምር ወደ ዛፉ ይበራል። እዚያ ሲደርስ ወንዱ ቅርፊቱን በቀንዱ እየነካካ ይሄዳል። ጫፉ የእንስቷን ገላ ሲነካ በቆዳዋ ላይ ያለው ሰም መሰል ቅባት የራሱ ዝርያ መሆኗን ይነግረዋል። በብዙ ዝርያዎች ይህ ንክኪ ካልተፈጸመ ወንዱ አጠገቧ ቆሞ እንኳ አያውቃትም።

እንዲህ ያለ ረጅም አካል ጠንካራ መሠረት ይፈልጋል። ቀንዱ የበቀለው ዓይኑ ካለበት ቦታ አጠገብ ስለሆነ ዓይኑ ቦታ ለቅቆ ወደ ውስጥ ታጥፏል፤ የቀንዱን ሥር ግማሽ ዙሪያ ከብቦ የኩላሊት ቅርጽ ይዟል። በሰሜን አሜሪካ በሚኖረው ቴትራኦፔስ በተባለው ወገን ዘንድ ይህ መታጠፍ እስከ መጨረሻው ሄዷል። እያንዳንዱ ዓይን ለሁለት ተከፍሎ፣ አንዱ ከቀንዱ በላይ ሌላው ከቀንዱ በታች ተቀምጦ ጢንዚዛው ባለ አራት ዓይን ሆኗል። አንድን ጢንዚዛ የዚህ ቤተሰብ አባል ነው ለማለት ከቀንዱ ርዝመት ይልቅ ይህን የዓይን መታጠፍ ማየት ብዙ ጊዜ ይሻላል፤ ቀንደ አጭር የሆኑ አባላትም አሉና።

መርገጫውም ሊታይ ይገባዋል። ሦስተኛው አንጓ ለሁለት ተከፍሎ ሰፊ ነው፤ ከሥሩ ጥቅጥቅ ያለ ጠጉር ስላለው ለስላሳ ቅርፊት ላይ አያንሸራትተውም። አራተኛው አንጓ በጣም ትንሽ ሆኖ በሦስተኛው መሐል ስለተደበቀ አምስት የሆነው የአንጓዎቹ ቁጥር ለሚያየው ሰው አራት ይመስለዋል። ጢንዚዛውን በጣት ሲይዙት ደግሞ ይጮኻል። ድምፁ የሚወጣው ከአፉ ሳይሆን የደረቱን የፊት ክፍል ከኋላው ካለ የተሸነተረ ሳህን ጋር ሲፈትግ ነው። የጥንት ግሪኮች ሴራምቦስ ስለተባለ ዘፋኝ እረኛ ይተርካሉ፤ አማልክቱን ስለ ሰደበ እንጨት ወደሚቆረጥም ጢንዚዛ ተለወጠ ይላሉ። የጢንዚዛው ራስ ከነቀንዱ የክራር ቤተሰብ የሆነውን የጥንቱን መሣሪያ ስለሚመስል ሳይሆን አይቀርም ታሪኩን የሰጡት ለሙዚቀኛ።

አሁን ወደ እጩ እንመለስ፤ የዚህ ፍጥረት አብዛኛው ዕድሜ የሚያልፈው በእጭነት ነውና። ክንፍ ያለው ጢንዚዛ የሚኖረው ሳምንታት ወይም ጥቂት ወራት ሲሆን፣ እጩ ግን እንደ ዝርያው ከወራት እስከ ሦስት ዓመት፣ በደረቅ እንጨት ውስጥ ደግሞ ከዚያም በላይ ይቆያል። ምክንያቱ ምግቡ ነው። እንጨት ናይትሮጅን የሚያንሰው ድሃ ምግብ ስለሆነ ሰውነት ለመገንባት ብዙ መብላት፣ ለብዙ ጊዜም መብላት ያስፈልጋል። እግሮቹ በጣም አንሰዋል፤ በአንዳንዶቹም ጨርሶ ጠፍተዋል። በምትካቸው በጀርባውና በሆዱ ላይ የሚያብጡና የሚሟሽሹ ጉብታዎች አሉት፤ ጉድጓድ ቆፋሪ ጀርባውንና እግሩን ከግድግዳው ጋር እያጣበቀ እንደሚወጣው ሁሉ፣ እጩም በእነዚህ ጉብታዎች ቦዩን እየገፋ ወደፊት ይሄዳል። መንጋጋው አጭርና ጠንካራ ነው። የጎረሰውን እንጨት መፍጨት ብቻ ግን አይበቃም፤ ሴሉሎስን መሰባበር ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው የእስያ ባለ ረጅም ቀንድ ጢንዚዛ የዘረመል ጥናት እንዳሳየው፣ የእንጨትን ግድግዳ ከሚሰባብሩት የነፍሳቱ ዘረመሎች አንዳንዶቹ በጥንት ዘመን ከባክቴሪያና ከፈንገስ የተወረሱ ናቸው። አንድ ጢንዚዛ የሌላ ፍጥረትን ዘረመል ወርሶ ለሚሊዮን ዓመታት መተዳደሪያ ማድረጉ በእውነት የሚያስደንቅ ነው።

ይህ ሁሉ ለወልቂጤና ለቡታጅራ ሰው ምን ይጠቅመዋል? ባሕር ዛፍ በ1887 ዓ.ም. ገደማ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከውጭ የመጣ የአውስትራሊያ ዛፍ ነው። ጉራጌ ከእንሰቱ ጀርባ ተክሎት የጥሬ ገንዘብ ምንጭ አድርጎታል። የዛፉ የትውልድ አገር ጠላት የሆነው ፎራካንታ የተባለ ባለ ረጅም ቀንድ ጢንዚዛም ዛፉን ተከትሎ ዓለምን ዞሯል፤ በደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1906፣ በካሊፎርኒያ በ1984 ታየ። ጥቁር ቡናማ ሆኖ በክንፉ ሽፋን ላይ ገረጣ ያለ ቢጫ መቀነት፣ በቀንዱ አንጓዎች ላይም እሾህ አለው። እንስቷ እንቁላሏን የምትጥለው በላላ ቅርፊት ሥር ነው። ዛፉ ጤነኛና ውኃ የጠገበ ከሆነ እርጥቡ ቅርፊት ትንንሾቹን እጮች ይገድላቸዋል። በድርቅ የተጎዳ ዛፍና ተቆርጦ ከነልጣጩ የተጋደመ ግንድ ግን ይህ መከላከያ የላቸውም። እጮቹ በቅርፊቱና በእንጨቱ መካከል ያለውን ሕይወት ያለው ስስ ክፍል ዙሪያውን ከበሉት የቆመ ዛፍ እንኳ ይደርቃል።

ስለዚህ የዛፍ ባለቤት ቀዳዳ ባየ ቁጥር የነፍሳት መግደያ መድኃኒት ለመግዛት አይሩጥ። መጀመሪያ ማን እንደበሳው ይለይ። ምስጥ ከሆነ የጭቃ መተላለፊያ ይሠራል፤ የሚመጣውም ብዙ ጊዜ ከመሬት ነው። ደቃቁ ነቀዝ ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊ ሜትር የሆኑ ክብ ቀዳዳዎችን ትቶ ዱቄት ያራግፋል። ባለ ረጅም ቀንዱ የሚወጣበት ቀዳዳ ሰፊ፣ ብዙውን ጊዜም ሞላላ ነው፤ ቦዩ ውስጥ የሚገኘውም ሻካራ የእንጨት ጭረት ነው። እርጥብ እንጨት ላይ የሚጀምሩት አብዛኞቹ ዝርያዎች ከወጡ በኋላ ደረቁን እንጨት መልሰው አይወርሩም፤ ቀዳዳው የሄደ እንግዳ አሻራ ነው። እንሰቱ በበኩሉ ከዚህ ሥጋት ነፃ ነው ማለት ይቻላል፤ ግንድ የሚመስለው አካሉ የቅጠል ሽፋን ድርብርብ እንጂ እንጨት አይደለም። ቡና ያለው ገበሬ ግን የግንዱን ሥር ይመልከት፤ በምሥራቅና በደቡባዊ አፍሪካ የዓረቢካ ቡናን የሚያጠቃው ነጭ ግንድ ሰርሳሪ የዚህ ቤተሰብ አባል ሲሆን፣ ምልክቱም ከግንዱ ሥር የሚራገፍ የእንጨት ፍቅፋቂ ነው።

ከውጭ የሚገባ የእንጨት ሳጥንም ትኩረት ይሻል። የእስያው ዝርያ እ.ኤ.አ. በ1996 በኒው ዮርክ የተገኘው በዕቃ ማሸጊያ እንጨት ተጭኖ በመምጣቱ ሲሆን፣ በአሜሪካ ከተሞች በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ዛፎች ተቆርጠዋል። ዛሬ በዓለም አቀፉ ደንብ መሠረት የማሸጊያ እንጨት እስከ ውስጡ 56 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ ለ30 ደቂቃ መሞቅ ወይም በሌላ በተፈቀደ መንገድ መታከም፣ የስንዴ ዘለላ ያለበት ማኅተምም ሊታተምበት ይገባል።

ይህን ስል ጢንዚዛውን ባያችሁበት ጨፍልቁት ማለቴ አይደለም። አብዛኞቹ ዝርያዎች የሚበሉት የሞተ ወይም የሚሞት እንጨት ነው፤ የወደቀን ግንድ ወደ አፈር የሚመልሱት እነሱና ፈንገሶች ናቸው፤ እጫቸውም የግንደ ቆርቁር ቀለብ ነው። በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን ወደ አገራችን የመጣው ፈረንሳዊው ዲፕሎማት አሺል ራፍሬ ጢንዚዛ አጥኚም ነበር፤ የአፍሪካ ነፍሳት ስም የወጣላቸው በአብዛኛው በአውሮፓ ቤተ መዘክሮች ነው። አሁን ግን ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ያላት ከተማ ናት፤ ከጊቤ ሸለቆ ግራር እስከ ጉራጌ ተራሮች ኮሶ ያሉትን ዝርያዎች መዝግቦ መያዝ ለተማሪዎቿ የሚመጥን ሥራ ነው። ባለ ረጅም ቀንድ ጢንዚዛ ስታገኙ ከጀርባውና ከፊቱ ፎቶ አንሡት፤ ቀኑን፣ ቦታውንና የተገኘበትን ዛፍ ጻፉ። አጣና ያላችሁም ዛፉ በተቆረጠ በጥቂት ቀናት ውስጥ ልጣጩን አንሡ፣ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁም ደርድሩት።